ልጃችሁ ባሕር ላይ ሳለ ስልኩ ለምን ይጠፋል?

የላካችሁት መልእክት አንድ ራይት ብቻ ይዞ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ሲቆይ ልብ ይሰቀላል። ልጃችሁ የሚሠራው አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ "ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል" ብላችሁ ታልፉት ነበር። መርከብ ላይ ሲሆን ግን ሐሳብ ሁሉ ወደ ማዕበል፣ ወደ ባሕር ወንበዴ፣ ወደ ሚሳይል ይሮጣል። ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ አራዳም ሆነ ቀበሌ 18፣ ይህን ጭንቀት የሚያውቁ የጎንደር እናቶች አሉ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የኢትዮጵያ ማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት የመካኒካልና የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ምሩቃንን እየተቀበለ የመርከብ መሐንዲስና የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን አድርጎ ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ ባሕር በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ለወራት ለውቅያኖስ ይሰጣሉ። ስለ ደመወዙ ብዙ ይነገራቸዋል። ስለ ዝምታው ግን የሚያስረዳቸው የለም፤ እኔም ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ራይቱን እንያዝ። በዋትስአፕ አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ከእናንተ ስልክ ወጥቷል፣ የእርሱ ስልክ ላይ ግን ገና አልደረሰም ማለት ነው። ሁለት ሲሆን ደርሷል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ሁለተኛው ራይት የሚመጣው መልእክቱ ሲነበብ ስለሆነ፣ አንድ ራይት አይታችሁ "አልደረሰውም" ማለት አትችሉም፤ ደርሶት ገና አልከፈተው ይሆናል። በሁለቱም ቢሆን ስለ መርከቡ ደኅንነት የምታውቁት አንዳች ነገር የለም። ግፋ ቢል የምትገምቱት የመርከበኞቹ ኢንተርኔት በዚያ ሰዓት ለእርሱ ክፍት አለመሆኑን ነው። ለዚህ ደግሞ ከአደጋ ሌላ ብዙ ተራ ምክንያት አለ።

ሰማዩ ሩቅ ነው

ፒያሳ ቆመን ስንደውል ስልካችን የሚነጋገረው አጠገባችን ካለ ማማ ጋር ነው። ውቅያኖስ መሐል ማማ የለም። መርከቡ ከጠረፍ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ከራቀ በኋላ ከማንኛውም የሞባይል ኔትወርክ ውጭ ነው። የዓለምን ኢንተርኔት የሚሸከሙት ገመዶች በዚያው በባሕሩ ወለል ላይ ተዘርግተው መርከቡ ከላያቸው እያለፈ ሊሆን ይችላል፤ አይጠቅሙትም። የቀረው መንገድ ሳተላይት ነው።

ለረጅም ዘመን የመርከብ ኢንተርኔት የተሸከሙት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያሉ ሳተላይቶች ናቸው። በዚያ ከፍታ ላይ ሳተላይቱ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከታች ሲታይ አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል፤ ሦስት ወይም አራቱ ከዋልታዎቹ አካባቢ በስተቀር ዓለምን ይሸፍናሉ። ጉዳቱ ርቀቱ ነው። ከመርከቡ የወጣው ድምፅ ወደ ሳተላይቱ ወጥቶ ይወርዳል፣ የእናንተ መልስም እንዲሁ ወጥቶ ይወርዳል፤ ሲደመር 143,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በብርሃን ፍጥነት እንኳ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል፤ መሬት ላይ ያለው መዘግየት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ በሌላው ላይ ይናገራሉ፣ ወይም አንዱ ጥያቄ ጠይቆ ባዶ ዝምታ ይሰማል። "ተቆጥቶ ነው ዝም ያለኝ" ብሎ ቅር መሰኘት ከዚህ ይመጣል። አንድ ነገር ተናግራችሁ ጠብቁ። መልሱ እየመጣ ነው።

አንቴናውም የራሱ ጣጣ አለው። በነጭ ጉልላት ተሸፍኖ መርከቡ ሲንገላታ እያስተካከለ ሳተላይቱን መከተል አለበት። መርከቡ አቅጣጫ ቀይሮ የጭስ ማውጫው ወይም ምሰሶው በአንቴናውና በሳተላይቱ መሐል ሲገባ መስመሩ ይቋረጣል፤ በዚያ አቅጣጫ ሁለት ቀን ከተጓዘ ሁለት ቀን ሊቆራረጥ ይችላል። ከባድ የሐሩር ዝናብም ምልክቱን ያደክመዋል።

አቅሙስ? እ.ኤ.አ. በ2007 ኢንማርሳት የተባለው የሳተላይት ኩባንያ ለመርከቦች ያቀረበው ፍሊትብሮድባንድ የተባለው አገልግሎት ከፍተኛው ፍጥነት በሴኮንድ 432 ኪሎ ቢት ነበር። ይህ ለመላው መርከብ ነው። ሃያ ሰው እኩል ቢካፈለው ለአንዱ 21 ኪሎ ቢት ገደማ ይደርሰዋል፤ ጽሑፍ ያልፋል፣ የቪዲዮ ጥሪ አይታሰብም። ይህን መሰል መስመር ብቻ ያላቸው መርከቦች ዛሬም ይሠራሉ።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ለመርከቦች አገልግሎት ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። ሳተላይቶቹ ያሉት 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ መዘግየቱ ሊሰማ የማይችል ያህል ያንሳል፣ ፍጥነቱም ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም። መጀመሪያ ላይ በወር 5,000 ዶላር፣ ለመሣሪያው ደግሞ 10,000 ዶላር ይጠየቅበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ርካሽ አማራጮች መጡና ብዙ ኩባንያዎች ገቡበት። ሁሉም ግን አልገቡበትም። ስለዚህ በአንድ ቀን የተመረቁ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ከፓሲፊክ መሐል ፊቱን እያሳየ ሲደውል ሌላው በሳምንት ሁለት መስመር ጽሑፍ ይልካል። "የእገሌ ልጅ እኮ በየቀኑ ይደውላል" የሚለው ወቀሳ ለሁለተኛው ልጅ ፍትሕ የሌለው ነው። ልዩነቱ በመርከቡ ጣሪያ ላይ ያለው አንቴናና ኩባንያው የሚከፍለው ገንዘብ ነው።

ኩባንያው ለምን ይገድባል

የጎንደር ሰው የውሃ ወረፋን ያውቃል። ቦኖው አንድ፣ ጀሪካኑ ብዙ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚቀዳው ማን እንደሆነና እያንዳንዱ ስንት ጀሪካን እንደሚቀዳ ካልተደነገገ ከኋላ ያለው ባዶውን ይመለሳል። የመርከብ ኢንተርኔትም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ የሚቀዳው መርከቡ ራሱ ነው፦ የአየር ትንበያ፣ የኤሌክትሮኒክ ካርታ እድሳት፣ ለወደብ የሚላክ ሰነድ፣ የሞተር ክትትል። የቀረው ለመርከበኞች ይካፈላል። ክፍፍሉ በየመርከቡ ይለያያል። አንዱ በወር የተወሰነ ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል፣ አንዱ ካርድ ይሸጣል፣ አንዱ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይከፍታል፣ አንዱ ጽሑፍ ፈቅዶ ቪዲዮ ይዘጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ደኅንነት ነው፤ ይህ ሰበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ኖትፔትያ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ግዙፉን የመርከብ ኩባንያ ማርስክን መትቶ ኮምፒውተሮቹን ጥቅም አልባ አደረገ፤ ኩባንያው ጉዳቱን ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገመተው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት (አይኤምኦ) እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የኮምፒውተር ጥቃት ስጋት በእያንዳንዱ ኩባንያ የደኅንነት አሠራር ውስጥ እንዲካተት ጠይቋል። ለዚህ ነው የመርከበኞች ዋይፋይ ከመርከቡ መሣሪያዎች ተለይቶ የሚሠራው፣ ብዙ ድረ ገጾችም የሚዘጉት። ስልክን በመርከብ መንጃ ክፍል ካለ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ቻርጅ ማድረግ እንኳ ከባድ ጥፋት ነው፤ የመርከቡ ካርታ የሚሠራው በዚያ ኮምፒውተር ነው።

የኤሌክትሮ ቴክኒክ መኮንን ሆነው ለሚሄዱ ልጆቻችን እዚህ ላይ የተለየ ፈተና አለባቸው። በብዙ መርከብ አንቴናውንና ኔትወርኩን የሚነካካው ይህ መኮንን ስለሆነ፣ ጓደኞቹ "ትንሽ ክፈትልን" እያሉ ይለምኑታል። እምቢ ማለቱ ክፋት አይደለም። የተዘጋውን በቪፒኤን ወይም በሌላ መንገድ መዝለል ቢያዝ ከሥራ ሊያስባርር ይችላል፤ አንድ ሰው ፊልም ሲያወርድ የሌሎቹ ሁሉ የእናት መልእክት ይቆማል።

ሦስተኛው ምክንያት እንቅልፍ ነው። የባሕር ሠራተኛ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ቢያንስ 77 ሰዓት እንዲያርፍ ሕግ ያዛል፤ አንዳንድ ኩባንያዎችም "ሌሊቱን ስልክ ላይ ያድራሉ" ብለው ዋይፋዩን ያጠፋሉ። ይህን ምክንያት በግማሽ ልቤ ነው የምቀበለው። ከቤተሰቡ ወሬ ሳይሰማ የሚተኛ ሰውም አይተኛም።

ወደብ ሲደርስ የባሰ የሚጠፋው

ብዙ ቤተሰብ የማይገባው ይህ ነው። ልጁ "ነገ ወደብ እንገባለን" ይላል፤ ቤተሰቡ "እንግዲህ በደንብ እናወራለን" ብሎ ይጠብቃል፤ እርሱ ግን ጭራሽ ድምፁ ይጠፋል። ምክንያቱ የአገሮች ሕግ ነው። አንድ አገር በራሱ የባሕር ክልል፣ ማለትም ከጠረፉ እስከ 12 የባሕር ማይል ወይም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ድረስ፣ በየትኛው ሳተላይት እንደሚጠቀሙ የመወሰን ሥልጣን አለው። ስታርሊንክ ያልተፈቀደበት አገር ክልል ሲገባ መርከቡ አገልግሎቱን መዝጋት አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ተስፋ የአካባቢው ሲም ካርድ ነው፤ ሲም ካርድ ለማግኘት ደግሞ መውረድ ያስፈልጋል፣ የኮንቴይነር መርከብ ወደብ ላይ የሚቆየው አንዳንዴ ከአንድ ቀን በታች ነው፣ ያም ጊዜ ለመሐንዲሶች እጅግ ሥራ የሚበዛበት ነው።

ሲም ካርዱ ቢገኝም ሁሉም ነገር አይሠራም። ቻይና ውስጥ ዋትስአፕም ቴሌግራምም ተዘግተዋል። በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የዋትስአፕ ጽሑፍ ይሠራል፣ የድምፅና የምስል ጥሪ ግን አይሠራም። ልጃችሁ የሻንጋይ ወይም የፉጃይራ ስም ከጠራ ይህን አስቀድማችሁ ጠብቁ። አማራጩ ተራ ኢሜይል ነው፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰው፣ ታናሽ እህት ብትሆንም፣ የምትከፍተው ኢሜይል ይኑራት።

በብዙ ታላላቅ ወደቦች የመርከበኞች ማዕከል የሚባል ቤት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ የሚሠራው ሚሽን ቱ ሲፌረርስና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስቴላ ማሪስ ከሚያስተዳድሯቸው መካከል ብዙዎቹ ዋይፋይ ይሰጣሉ፣ ሲም ካርድም ይሸጣሉ። የመርከበኛውን ሃይማኖት አይጠይቁም።

ካርታው ላይ የጠፋ መርከብ

አሁን አሁን ቤተሰቦች መርከቡን በስልክ ካርታ ይከታተላሉ። ስሙን ጽፈው ትንሿን ቀስት ያያሉ፤ አንድ ቀን ቀስቷ ቀይ ባሕር ወይም ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ቆማ "የመጨረሻ መረጃ ከስድስት ቀን በፊት" የሚል ይነበባል። እዚያ ላይ ቤት ይታመሳል።

ቀስቷ የምትመጣው ኤአይኤስ ከሚባል መሣሪያ ነው። ከ300 ቶን በላይ የሆኑ በአገሮች መካከል የሚጓዙ መርከቦች ስማቸውን፣ ቦታቸውንና ፍጥነታቸውን ያለማቋረጥ በሬዲዮ የሚያሰራጩበት ሲሆን፣ ዋና ዓላማው መርከቦች እንዳይጋጩ ነው። የሬዲዮ ምልክቱ የባሕር ዳርቻ ተቀባይ ጣቢያ ጋር የሚደርሰው ግፋ ቢል ብዙ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን የሚሰሙት ሳተላይቶች ናቸው፤ ያ መረጃ ደግሞ በአብዛኛው የሚሸጥ ስለሆነ በነፃው ካርታ ላይ አይታይም። ስለዚህ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ ከነፃው ካርታ መጥፋቱ የሚጠበቅ ነው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ከተከፈተ በኋላ፣ በዚያ ያለፉ አንዳንድ መርከቦች ቦታቸው እንዳይታወቅ ኤአይኤሱን አጥፍተዋል፤ አዛዡ ለመርከቡ ደኅንነት ያሰጋል ብሎ ሲያምን ይህን ማድረግ ይፈቀድለታል። በእንዲህ ያለ ቀጠና የመርከበኞቹ ዋይፋይም ሊዘጋ፣ ቦታን የሚያሳይ ፎቶ መላክም ሊከለከል ይችላል። ብዙዎች ደግሞ ስዌዝን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ዞረዋል፤ ጉዞው ከአሥር ቀን በላይ ይረዝማል፣ ዝምታውም እንዲሁ። ልጃችሁ "በዚህ በኩል እናልፋለን" ብሎ ከነገራችሁ ለራሳችሁ ያዙት። ፌስቡክ ላይ "ልጄ ነገ ባብ ኤል መንደብን ያልፋል፣ ጸልዩለት" ብሎ መጻፍ ጸሎቱን አይጨምርም፤ የመርከቡን መንገድ ግን ያወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ልባችሁን ያሳርፍ። የመርከብ የአደጋ ጥሪ ከመርከበኞች ዋይፋይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። መርከብ ቢሰጥም ተንሳፍፎ ወጥቶ በ406 ሜጋኸርዝ በራሱ ለሳተላይት የሚጮህ መሣሪያ አለ፤ መንጃ ክፍሉ ውስጥም ለዚሁ የተለዩ ሬዲዮዎችና የሳተላይት መስመሮች አሉ። የቤተሰብ ስልክ ዝም ያለበት መርከብ ከዓለም የተቆረጠ መርከብ አይደለም።

የእኛም ጫፍ ይዘጋል

መስመር ሁለት ጫፍ አለው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ያን ጊዜ ባሕር ላይ የነበረ የጎንደር ልጅ በተራው አንድ ራይት እያየ የሚጨነቅ ሆነ፤ እርሱ መስመር አለው፣ እናቱ የላትም። ከዚያ ዘመን የተገኘው መላ ዛሬም ይሠራል። አንድ መልእክት አድራሽ ዘመድ ይኑር፣ ከክልሉ ውጭ ያለ፣ አዲስ አበባ ቢሆን ይሻላል። ልጁ ለእርሱ ይጽፋል፣ እርሱ በተራ ስልክ ጎንደር ደውሎ ያነባል፣ የቤቱን ወሬ ተቀብሎ ይመልሳል። ይህ ሰው ቀድሞ ይመረጥ፣ ቁጥሩም ከስልኩ ሌላ ወረቀት ላይ ይያዝ።

ልጁ በመርከቡ የሳተላይት ስልክ ወደ ተራ ቁጥር ሊደውልም ይችላል። ጥሪው ስልካችሁ ላይ ሲመጣ 870 ወይም 881 ብሎ በሚጀምር እንግዳ ቁጥር ሊታይ ይችላል፤ ብዙ እናት አታላይ መስሏት አታነሳውም። አንሱት፤ ቢያመልጣችሁ ግን መልሳችሁ አትደውሉ፣ ሒሳቡ እጅግ ከባድ ነው፣ በነዚህ ቁጥሮች አንድ ጊዜ ጠርተው የሚዘጉ አጭበርባሪዎችም አሉ። "ልጅሽ ወደብ ላይ ታስሯል፣ ገንዘብ ላኪ" የሚል ድምፅ ከመጣ የምትጠይቁትን አንድ የቤት ምስጢር ከልጁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ የድሮ ጎረቤት ስም፣ የላም ስም፣ ማንም የማያውቀው።

በቀጭን መስመር መኖር

የጽሑፍ መልእክት ጥቂት ኪሎ ባይት ነው። የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ባይት ገደማ ይሆናል። የቪዲዮ ጥሪ በደቂቃ አምስት ሜጋባይት ያህል ሊበላ ይችላል። በወር አንድ ጊጋባይት የተሰጠው መርከበኛ በዚህ ስሌት ከሦስት ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ የቪዲዮ ጥሪ አለው፤ ያው አንድ ጊጋባይት በድምፅ መልእክት ከሰማንያ ሰዓት ያልፋል። የእናት ድምፅ እንደገና ሊደመጥ ይችላል፤ ከሥራ ሲመለስ አልጋው ላይ ሆኖ ደጋግሞ ይሰማዋል። እኔ ብመክር ድምፁን እመርጣለሁ።

ከቤት በኩል የሚደረገው ቀላል ነው። የጥምቀት ዕለት ከፋሲለደስ መዋኛ የተቀረጸ ረጅም ቪዲዮ በደስታ ይላካል፤ እርሱ ጋር ሲደርስ ግን የሳምንቱን ድርሻ በአንዴ ይጨርስበታል። አንድ የታመቀ ፎቶና የግማሽ ደቂቃ የሆታ ድምፅ ላኩለት፣ ቪዲዮው እስኪመለስ ይቆይ። ብዙ አባላት ያሉባቸው የዘመድ ግሩፖች በየቀኑ የሚጭኑት ምስልም ያው ነው። እርሱ በበኩሉ ከመሳፈሩ በፊት ዋትስአፕና ቴሌግራም ፎቶና ቪዲዮ በራሳቸው እንዳያወርዱ፣ ስልኩም በራሱ እንዳይታደስ ማድረግ አለበት። ፊልሙን፣ መዝሙሩን፣ መጽሐፉን፣ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሱን ወይም ቁርአኑን ቤት ሳለ ስልኩ ላይ ይጫን።

ሰዓቱም ይታሰብ። ጎንደር ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የጃፓን ጠረፍ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ብራዚል ጠረፍ ደግሞ ገና ከቀኑ 8 ሰዓት። በዚያ ላይ ፈረቃ አለ። "በየሳምንቱ እሑድ አንድ መልእክት" የሚል ልል ስምምነት "በየቀኑ በዚህ ሰዓት" ከሚል ጥብቅ ቀጠሮ ይሻላል፤ የከሸፈ ቀጠሮ ሁሉ ጭንቀት ይወልዳልና።

ገንዘቡ ላይ ብዙዎች ይቸገራሉ። ባንኩም ቴሌብሩም የማረጋገጫ ቁጥር የሚልኩት ወደ ኢትዮጵያ ሲም ካርድ ነው፤ ባሕር መሐል ያ ቁጥር አይደርስም። ስልክ ቢቀይር ወይም ዋትስአፑ እንደገና ቁጥር ቢጠይቀው በሩ ይዘጋበታል። ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ቁጥርም ሊዘጋ ስለሚችል ሲም ካርዱን ቤት ለሚታመን ሰው ትቶ መሄድና አልፎ አልፎ እንዲሠራበት ማድረግ ይበጃል። ለባንክ፣ ለመሬትና ለቤት ጉዳይ ውክልና ሳይሰጥ የሚሳፈር ሰው ወራት ሙሉ እጁ ታስሮ ይቆያል። ለቤተሰብ የሚላከውን ደግሞ በየወሩ በስልክ መላክ የለበትም፤ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ ሕግ ከደመወዙ የፈለገውን ያህል ኩባንያው በየጊዜው በቀጥታ ለቤተሰቡ እንዲያስተላልፍ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህን ፎርም ሲፈርም ይሙላው።

ክፉ ወሬ ሲኖር

ይህን መጻፍ ከብዶኛል፣ ግን ከሁሉም የሚያስፈልገው ይህ ነው። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ተሂዶ፣ ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ ነው የሚረዳው። መርከብ ላይ ያለ ልጅ ዙሪያውን የቆመ ዘመድ የለውም፤ አብዛኛውን ጊዜ በመርከቡ ላይ አማርኛ የሚናገረው እርሱ ብቻ ነው። ለዚህ ሲሉ ቤተሰቦች "እስኪመለስ አይነገረው" ይላሉ። ሐሳቡ የፍቅር ነው። ነገር ግን አንድ የሩቅ ዘመድ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል፤ ልጁ ከሦስት ቀን ዝምታ በኋላ ዋይፋዩ ሲከፈትለት፣ ሞተር ክፍል ሊወርድ ሲል፣ የአባቱን ሞት ብቻውን ሆኖ ከማያውቀው ሰው ገጽ ያነባል።

ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ጠይቁት፦ "ክፉ ነገር ቢመጣ ወዲያው ልንነግርህ ትፈልጋለህ ወይስ ስትመለስ?" ጥያቄው ያስፈራል፤ ሟርት የሚመስለው ሰውም አለ። ይሁን እንጂ መልሱ የእርሱ ነው፣ የእኛ አይደለም። ወዲያው ይነገረኝ ካለ መንገዱ ይህ ነው። የቀጠረውን ወኪል ወይም የኩባንያውን የሠራተኞች ክፍል ደውላችሁ ትነግራላችሁ፤ እነርሱ በመርከቡ ኢሜይል ወይም በሳተላይት ስልክ አዛዡን ያገኙታል፤ ይህ መስመር የመርከበኞቹ ዋይፋይ ቢዘጋም ይሠራል። አዛዡ ልጁን ከሥራ አውርዶ፣ አንድ የሚቀርበው ሰው አጠገቡ አድርጎ፣ ከእናንተ ጋር ያገናኘው ዘንድ በግልጽ ጠይቁ። እስከዚያ ድረስ ማንም ዘመድ ምንም ነገር እንዳይለጥፍ አንድ ታላቅ ሰው ኃላፊነት ወስዶ ይደውል፣ ይለምን። በብዙ የሥራ ውሎች የቅርብ ቤተሰብ ሞት ልጁን ከሚቀጥለው ወደብ ወደ አገሩ የሚያስመልስ ምክንያት ስለሆነ፣ ይህንንም ከወኪሉ ጠይቁ።

ለዚህ ሁሉ የወኪሉ ስልክ፣ የኩባንያው ስምና ኢሜይል፣ የመርከቡ ስምና ሰባት አኃዝ ያለው የአይኤምኦ ቁጥሩ ቤት ውስጥ ተጽፈው መገኘት አለባቸው። የመርከብ ስም ሊቀየር ይችላል፤ ይህ ቁጥር ግን አይቀየርም።

ሕጉ ምን ይላል

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ2022 ተሻሽሎ፣ ማሻሻያው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ከተጨመሩት ነገሮች አንዱ መርከበኛ ከቤተሰቡና ከዓለም ጋር የመገናኘቱ ጉዳይ ነው። ለመርከበኞች ሊዘጋጁ ከሚገባቸው የመዝናኛና የደኅንነት አገልግሎቶች መካከል ማኅበራዊ ግንኙነት በስም ተካተተ፤ የመርከብ ባለቤቶችም በተቻለ መጠን ኢንተርኔት እንዲያቀርቡ፣ የሚያስከፍሉ ከሆነም ክፍያው ምክንያታዊ እንዲሆን ተመከረ። አገሮችም በወደቦቻቸው ለቆሙ መርከበኞች እንዲሁ እንዲያደርጉ።

"በተቻለ መጠን" የሚለው ሐረግ ይቆጨኛል። ሰነፍ ኩባንያ የሚሸሸግበት ሰፊ ጥላ ነው፤ አንቴናው ርካሽ በሆነበት በዛሬው ዘመን ደግሞ ያለመቻል ሰበብ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው። ቢሆንም ጥያቄ ለማንሣት በቂ መሠረት ይሰጣል። ወጣቱ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ወኪሉን እንዲህ ይጠይቅ፦ መርከቡ ላይ ያለው ሳተላይት ምን ዓይነት ነው? በወር ስንት ሜጋባይት በነፃ ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ ስንት ያስከፍላል? የቪዲዮ ጥሪ ተፈቅዷል? ዋይፋዩ መኝታ ክፍል ይደርሳል ወይስ በመመገቢያ ክፍል ብቻ ነው? ድንገተኛ ነገር ሲኖር ቤተሰብ የሚደውልበት ቁጥር የቱ ነው? ይህን መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው ልጆች አሉ፤ ሥራውን እንዳያጡ ይፈራሉ። የፊሊፒንስና የሕንድ መርከበኞች ግን በየጊዜው ይጠይቃሉ፣ ኩባንያዎቹም ሠራተኛ ለመሳብ ሲሉ ያሻሽላሉ።

ቃል የተገባለት ኢንተርኔት ካልተሰጠው ወይም ያለ አግባብ ገንዘብ ከተጠየቀበት መርከቡ ላይ ቅሬታ የማቅረቢያ ሥርዓት አለ፤ ያለ ፍርሃት የመጠቀም መብትም አለው። ከዚያ ያለፈ ከሆነ፣ ወይም ደመወዝ ሳይከፈል፣ ስልክ ሳይመለስ ሳምንታት ካለፉ፣ ሲፌረርሄልፕ የተባለ በነፃ የሚሠራ የእርዳታ መስመር አለ፤ ሃያ አራት ሰዓት፣ በዓመቱ ቀን ሁሉ ክፍት ነው። የሚደውለው መርከበኛው ብቻ አይደለም፤ ጎንደር ያለ ቤተሰብም ሊጽፍለት ይችላል።